ሞቷል ከማለታችን በፊት

(በተመራቂዎች መገናኛ ዕለት የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «ከቆላው አንድ ነገር ይዘሽልን ነይ» ሲሉኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ወባ ለመናገር ነበር። ኋላ ግን ወባን ያስተማሩኝ ሰዎች እፊቴ እንደሚቀመጡ ትዝ አለኝና ተውኩት። ስለዚህ የማወራው ስለ አንድ ማሽን ነው። የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። በመጀመሪያ ዓመት የኮምፒውተር ኮርስ ስንት እንዳመጣሁ የሚያውቅ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ፤ ዝም እንዲልልኝ እለምነዋለሁ። ያየሁትን ግን አይቻለሁ፤ የገባኝን ያህል እነግራችኋለሁ።

የምሠራው በራያ ቆላ ካሉት የጤና ተቋማት በአንዱ ነው፤ ስሙ ለዛሬው ጉዳይ አያስፈልግም። መንገዱን ላላያችሁት፦ ከወልድያ ወደ ሰሜን ስትሄዱ ጎብዬንና ሮቢትን አልፋችሁ ቆቦ ትደርሳላችሁ። በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በምዕራብ የግዳንና የላስታ ደጋ፣ መካከሉ ሜዳ ነው። ማሽላና ጤፍ ይበቅልበታል። ሙቀቱና አቧራው ለሰውም ለማሽንም አይመችም። መብራት ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ሲመጣም አንዳንዴ ከሚገባው በላይ ሆኖ ይመጣል።

ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014፣ ከዚያም ከነሐሴ 2014 ጀምሮ እንደገና አካባቢው ጦርነት ውስጥ ነበር። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈረመ። ያንን ጊዜ እዚህ አልተርክም፤ ከመካከላችሁ ከእኔ በላይ የምታውቁት አላችሁ። ለዛሬ የሚያስፈልገኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ተመልሰን ሥራ ስንጀምር የሚሠራ ዕቃ አብዛኛው ሄዶ ነበር። የተረፈው የማይሠራ የመሰለው ነው። ከጦርነቱ በፊት «ተበላሽቷል» ተብሎ ስቶር ውስጥ የተደራረበውን ዕቃ ማንም አልነካውም።

በዚያው ዓመት ጥር ወር አንድ ሌሊት ሁለት ሕሙማን በአንድ ጊዜ ገጠሙን። አንዷ ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም ፈስሷቸው ከኦፕሬሽን የወጡ እናት ናቸው። ሌላው ወባ አንጎሉ ላይ ወጥቶበት ራሱን የሳተ የ9 ዓመት ልጅ ነው። የልብ ምትን፣ ኦክስጅንንና የደም ግፊትን የሚከታተል የሚሠራ ሞኒተር የነበረን አንድ ነው። ተረኛዋ ነርስ ገመዶቹን በእጇ ይዛ «ዶክተር፣ ለየትኛው ልግጠመው?» አለችኝ። ለእናትየዋ አልኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፈትተን ለልጁ አደረግነው። ከዚያ መልሰን ለእናትየዋ። እስኪነጋ እንዲህ ስንመላለስ አደርን። ሁለቱም ተረፉ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያ ሌሊት በእኛ ጥበብ አልነጋም። በአንደኛው አልጋ ላይ ሳለን በሌላኛው የሆነውን አናውቅም ነበር።

ጠዋት የሕክምና መሣሪያ ባለሙያችንን ጠራሁት። እኛ «ባዮሜዲካሉ» ነው የምንለው። 27 ወይም 28 ዓመቱ ነው፤ ዝምተኛ፣ ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ጠመንጃ መፍቻ የማይጠፋ ልጅ።

«ስቶር ውስጥ ሌላ ሞኒተር አልነበረም እንዴ?» አልኩት።

«አለ፤ ግን ሞቷል ተብሎ ለማስወገጃ ኮሚቴ ተጽፏል።»

«ማነው ሞቷል ያለው?»

ትንሽ አሰበና «ስክሪኑ ጥቁር ስለሆነ ነው እንጂ… ማንም አልከፈተውም» አለኝ።

ይህ መልስ ተማሪ ወዳለሁበት ጊዜ መለሰኝ። ራሱን የሳተ ሰው ፊት ቆመን መምህራችን የጠየቁን ጥያቄ ትዝ ይላችኋል? ዓይኑ ብርሃን ሲበራበት ይጠባል ወይ? ኮርኒያው ሲነካ ያርገበግባል ወይ? ይተነፍሳል ወይ? ሐሳብ፣ ንግግር፣ ትዝታ ሁሉ ጠፍቶ የአንጎል ግንድ ግን ሊሠራ ይችላል። ግንዱን ሳይመረምር ሞቷል የሚል ሐኪም ሐኪም አይደለም። ለማሽን ስንሆን ግን ስክሪን አይተን እንፈርዳለን።

እሺ፣ ሞዴል 22 ተቆርጦ ዕቃው ከስቶር ወጣ። በአንድ ከሰዓት በኋላ በላቦራቶሪው ጥግ ጠረጴዛ ላይ ከፈተው። ነርሷ ቡና አፍልታ ነበር፤ እኔም ለአቦል ገብቼ እስከ በረካ ቆየሁ።

ባዮሜዲካሉ እንዳስረዳኝ፣ እንዲህ ዓይነት ዕቃ ውስጡ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ራውተሩም፣ አልትራሳውንዱም፣ የላቦራቶሪ ማሽኑም እንዲሁ። ሲበራ መጀመሪያ የሚነቃው ሞኒተርነቱ አይደለም። አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ናት፤ ቡትሎደር ትባላለች። ሥራዋ ሜሞሪውን ማዘጋጀትና ዋናውን ፕሮግራም ፍላሽ ከሚባለው ማከማቻ አንስታ ማስነሳት ነው። በብዙ ዕቃዎች ውስጥ ያለችው ዩ-ቡት የምትባለው ናት። ቮልፍጋንግ ዴንክ የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ከጀመረው ሥራ አድጋ በዚህ ስም በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣች፣ ማንም በነፃ የሚጠቀምባት ፕሮግራም ነች። ዋናውን ፕሮግራም ከማስነሳቷ በፊት ጥቂት ሰከንድ ትቆጥራለች፤ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። በዚያች ቅጽበት አንድ ቁልፍ ከተጫናችሁ ትቆምና «ምን ልታዘዝ?» ብላ ትጠብቃለች። ችግሩ፣ ይህን ሁሉ የምትናገረው በስክሪኑ ላይ አይደለም። ቦርዱ ላይ ባሉ ሦስት ቀጫጭን እግሮች ነው፦ አንዱ ይናገራል፣ አንዱ ይሰማል፣ አንዱ መሬት ነው። አራተኛ እግር ካለ ኤሌክትሪክ ነውና አይነካም። ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኘው ትንሽ መቀየሪያም በ3.3 ቮልት የሚሠራው መሆን አለበት፤ በ5 ቮልቱ ከተገናኘ ያላሞተውን እናንተ ትገድሉታላችሁ።

ሦስቱን ገመድ አገናኘ፤ ፍጥነቱን 115200 ላይ አደረገ፤ ሞኒተሩን አበራው።

የዕቃው ስክሪን ጥቁር እንደሆነ ነው። የላፕቶፑ ስክሪን ላይ ግን ጽሑፍ መውረድ ጀመረ። የፕሮግራሟ ስም፣ የሜሞሪው መጠን፣ ቆጠራው። ከዚያ አንድ መስመር ወጣና ሁሉ ነገር ቆመ። ፍላሹ ላይ ያለው ዋናው ፕሮግራም ሲደመር፣ የተጻፈበት ድምርና አሁን የተገኘው ድምር አልገጠሙም ነው የሚለው። ፋርማሲስት ጠርሙስ ላይ 100 ፍሬ የሚል አይቶ ሲቆጥር 83 ቢያገኝ ያንን መድኃኒት እንደማይሰጥ ሁሉ፣ ቡትሎደሯም ያልተሟላውን ፕሮግራም አላስነሳም አለች። ምናልባት ዕቃው ሲጽፍ መብራት ሄዶበት ይሆናል።

ባዮሜዲካሉ ስኒውን አስቀምጦ «አብሽሩ ዶክተር፣ ግንዱ አለ» አለኝ። ስለ አንጎል ግንድ ያልኩትን ጠዋት ሰምቶ ይዞት ነበር።

አሁን የሚያስፈልገው ዋናው ፕሮግራም ነው። ለአቅራቢው ደብዳቤ ጽፈን ነበር፤ መልስ አልመጣም። ነገር ግን በጊዜው በአንድ ስጦታ የመጡ ሁለት ተመሳሳይ ሞኒተሮች ነበሩ። እህትየዋ በአንድ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። በደብዳቤ ጠይቀን፣ ጤናማዋ ሕመምተኛ በሌለባት ሰዓት ሄዶ የፍላሿን ቅጂ በላፕቶፑ ወሰደ። ፍላሹ የተከፋፈለ ነው። አንዱ ክፍል ዋናው ፕሮግራም ነው፤ ሌላው የዚያች ዕቃ የራሷ መለያ ቁጥርና የመለኪያ ማስተካከያ ነው። ፕሮግራሙ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሊሄድ ይችላል። ማስተካከያው ግን አይሄድም፤ ከሄደ የእኛ ሞኒተር የሌላ ዕቃ ቁጥር ይዞ ይለካል። የደም ዓይነት ሳናመሳክር ደም እንደማንሰጠው ነው። እሱ ይህን ሳልጠይቀው ነገረኝ፤ በዚህ ነው ያመንኩት።

ቀጥሎ ያየሁት ነው ዛሬ እንዳወራ ያደረገኝ። ቅጂውን በቀጥታ የታመመው ፍላሽ ላይ አልጻፈም። በኔትወርክ አስነሳው።

«ኔትወርክ» ሲል እኔ ኢንተርኔት መስሎኝ «የት አለና?» አልኩት። በዚያን ሰሞን ስልክ እንኳ እንደልብ አይሠራም። ሳቀብኝና አንድ ሜትር የምትሆን ሰማያዊ ገመድ አሳየኝ። አንዱ ጫፍ ሞኒተሩ ላይ፣ ሌላው ጫፍ ላፕቶፑ ላይ። ኔትወርክ ማለት ይኸው ነው። ሁለት ማሽኖችና አንድ ገመድ።

ቆጠራው ላይ ቁልፍ ተጫነና ትእዛዞቹን አንድ በአንድ ጻፈ። «ሴትኤንቭ አይፒአድር» ብሎ ለሞኒተሩ አድራሻ ሰጠው፤ 192.168.1.20። «ሴትኤንቭ ሰርቨርአይፒ» ብሎ የላፕቶፑን አድራሻ ነገረው፤ 192.168.1.10። «ፒንግ» ብሎ ላፕቶፑን ጠራ፤ መልስ የለም። ገመዱ ግን ደህና ነው። ለማንኛውም ቀጠለና «ቲኤፍቲፒቡት» ብሎ የፋይሉን ስምና በሜሞሪው ውስጥ የሚያርፍበትን ቦታ ሰጠው። ስክሪኑ ላይ ቲ የምትባለዋ የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ትደረደር ጀመር። ቲ፣ ቲ፣ ቲ። ጠበቅኩ፣ መልስ አጣሁ ማለት ነው። ለካ የላፕቶፑ ፋየርዎል በሩን ዘግቶት ነው። ያን ለጊዜው አጠፋውና እንደገና ጀመረ። አሁን «ፒንግ» መልስ አገኘ። ቲኤፍቲፒውን ሲደግመው በቲ ፈንታ አጥር የሚመስሉ ምልክቶች መስመር በመስመር መውረድ ጀመሩ። ፋይሉ እየመጣ ነው።

ቲኤፍቲፒ የተባለው መንገድ እጅግ ቀላል ነው፤ ደንቡ በ1981 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። በመሠረታዊ ደንቡ ላኪው 512 ባይት ይልካል፣ ተቀባዩ «ደርሶኛል» ይላል፣ ከዚያ ቀጣዩ 512 ይሄዳል። ለደካማ ሕመምተኛ ሾርባ እንደ ማጉረስ ነው። አንድ ማንኪያ ሰጥታችሁ፣ መዋጡን አይታችሁ፣ ሁለተኛውን። 8 ሜጋባይት ፋይል በዚህ ስሌት 16,384 ማንኪያ ነው። ብዙ ይመስላል፤ እኔ ግን ሁለተኛውን ስኒ ሳልጨርስ አልቋል። ቀላል የሆነበትም ምክንያት አለው። ትንሿ ቡትሎደር ውስጥ ትልቅ ነገር አይገባም፤ የምታውቀው መጎረስን ብቻ ነው።

ይህ አሠራር የድሃ ሀገር ብልሃት እንዳይመስላችሁ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ዲስክ ውድ ስለነበር፣ ዲስክ የሌላቸው ኮምፒውተሮች ሲበሩ ፕሮግራማቸውን ከአንድ ማዕከል እንዲያነሱ ነው የታሰበው። በ1985 እ.ኤ.አ. ቢል ክሮፍትና ጆን ጊልሞር ያወጡት ቡትፒ የሚባል ደንብ ማሽኑ ሲነቃ «እኔ ማን ነኝ? ፕሮግራሜስ የት ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ አስቻለ። ዛሬ ስልካችሁ ዋይፋይ ላይ ሲገባ አድራሻ የሚሰጠው ዲኤችሲፒ የዚያ ልጅ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሠሩ መሐንዲሶች እስከ ዛሬ አዲስ ፕሮግራም የሚሞክሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ ፍላሹን ሳይነኩ፣ ከላፕቶፓቸው እያስነሱ።

ፋይሉ ሜሞሪ ውስጥ ከገባ በኋላ «ቡትኤም» አለ። ይህ «ተነሣ» ማለት ነው። ጥቂት ሰከንድ ዝም አለ። ከዚያ ጥቁር ሆኖ የኖረው ስክሪን በራ። አረንጓዴ መስመር ወጣ፤ ጠፍጣፋ መስመር ነው፣ ምክንያቱም ማንም አልተገጠመለትም። ነርሷ ጣቷን አስገባችለትና መስመሩ መዝለል ጀመረ። 88።

እልል ያለች ነበረች። እኔ ግን አላልኩም። ጓደኞቼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆም ፍቀዱልኝ። የተነሣ ማሽን ሁሉ የሚታመን ማሽን አይደለም። የማይሠራ ሞኒተር ነርስ እጅ ላይ አያርፍም፤ ነርሷ በጣቷ ትቆጥራለች። ውሸት የሚናገር ሞኒተር ግን ሰው ይገድላል። ስለዚህ «ሕመምተኛ ጋ አይሄድም» አልኩ። ባዮሜዲካሉ ፊቱ ትንሽ ጠቆረ፤ ግን ተቀበለኝ።

ሦስት ቀን በራሳችን ላይ ሞከርነው። የልብ ምቱን በእጅ ከቆጠርነው ጋር፣ ግፊቱን በእጅ ከሚነፋው ጋር፣ ኦክስጅኑን ጤና መኮንኑ ኪስ ውስጥ ካለችው ትንሿ ጋር አስተያየን። ጣታችንን ነቅለን ደወሉ ይጮሃል ወይ ብለን አየን። የሚለካው ክፍል የራሱ ቦርድ ስላለውና ስላልተነካ ቁጥሮቹ ተስማሙ፤ ደወሉም ጮኸ። ሁሉንም ጽፈን ከፈረምን በኋላ ከኦፕሬሽን የወጡ ሰዎች በሚያርፉበት ክፍል አስገባነው፤ ነርሷ በእጅ መቁጠሯን ሳትተው።

ለሁለት ሳምንት ያህል ሞኒተሩ በበራ ቁጥር ከጥግ ካስቀመጥነው አሮጌ ላፕቶፕ ነበር የሚነሣው። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ ወለል ስታጥብ የላፕቶፑን መሰኪያ ነቀለች፤ ልጅቷ ምን ታድርግ፣ ማንም አልነገራትም። ባትሪው እንደሆነ ከደከመ ቆይቷል። ረፋድ ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ ሞኒተሩ ጥቁር ሆነ። ማንም አልተጎዳም፤ ግን ደነገጥኩ። ከሩቅ የሚመገብ ነገር የሚመግበው ሲቋረጥ አብሮ እንደሚቆም ያን ጊዜ ገባኝ።

ለራያ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። ገበሬው ማሳው ላይ ዝናብ ሳይጥል፣ ከምዕራቡ ደጋ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ መርቶ ማሽላውን ያጠጣል። ጎርፉ ማታ ሊመጣ ይችላል፤ የቦዩ አፍ ቀድሞ ካልተስተካከለ ውሃው አልፎ ይሄዳል። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ደግሞ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚጠጣ መሬት አለ። መብራት ሲቋረጥ ፓምፑ ይቆማል። ሁለቱንም የሚያውቅ ገበሬ አንዱን ይዞ ሌላውን አይጥልም። እኛም እንዲሁ አደረግን። ጄኔሬተር ተነሥቶ፣ የመጠባበቂያ ባትሪው ተሞልቶ ባለበት ሰዓት ባዮሜዲካሉ ፕሮግራሙን ፍላሹ ላይ ጻፈው፤ የተበላሸውን ክፍል ብቻ፣ ቡትሎደሯ ያለችበትን ሳይነካ። እሷ ከጠፋች በሦስት ገመድ የሚጠራት የለም። ከዚያ በኋላ ሞኒተሩ በራሱ ይነሣል። ሰማያዊዋ ገመድና የፋይሉ ቅጂ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ተቀመጡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ በተለይ ኢንፎርማቲክስ ለምታስተምሩ መምህሮቻችን። ይህ አሠራር የይለፍ ቃል የለውም። ማሽኑ «ፕሮግራሜ የት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መልስ የሰጠውን ያምናል። ባዮሜዲካሉ ሞኒተሩን ከተቋሙ ኔትወርክ ጋር ያላገናኘው፣ አድራሻውንም በእጅ የሰጠው ለዚህ ነው። ፕሮግራሙ ፊርማ ከሌለው አላስነሳም የሚል ቡትሎደርም አለ፤ ዩ-ቡትም ይህን ትችላለች። ለሆስፒታል ዕቃ ስንገዛ ይህን የምንጠይቅ ሰዎች ብንኖር ጥሩ ነው። ግን ጥያቄው ሁለት ጎን አለው። ፊርማው ባለቤቱ ብቻ የሚከፍተው ቁልፍ ከሆነ፣ ባለቤቱ ደብዳቤ የማይመልስ ጊዜ ዕቃው በእርግጥ ይሞታል። ስለዚህ ውሉ ላይ የፕሮግራሙ ቅጂ ከዕቃው ጋር ለተቋሙ እንዲሰጥ መጻፍ አለበት። ይህ የመሐንዲስ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የግዥ ኮሚቴ ላይ የምንቀመጠው እኛ ሐኪሞች ነን።

ነገሩ የእኛ ብቻ አለመሆኑንም ልንገራችሁ። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት፣ አቅም በሌላቸው ሀገሮች ካለው የሕክምና መሣሪያ 40 በመቶ ገደማው ሥራ ላይ እንዳልሆነ አሳይቷል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በ60 ሆስፒታሎች የተበላሹ ከ2,500 በላይ መሣሪያዎችን ተመልክቶ፣ 72 በመቶው ከውጭ መለዋወጫ ሳይገባላቸው ወደ ሥራ መመለሳቸውን ጽፏል። ዕቃ የለንም ስንል ምን ያህሉ ስቶር ውስጥ እንዳለ ልናስብበት ይገባል።

አሁን ወደ ባዮሜዲካሉ ልመለስ። ዛሬ እኛ ጋ የለም። ለምን እንደሄደ አልጠይቀውም፤ በእሱ ዕድሜ ያለ ሰው ከዚያ አካባቢ ለምን እንደሚሄድ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር አደረገ። ትእዛዞቹን ስምንት መስመር አድርጎ በወረቀት ጻፈ፤ ከእያንዳንዱ ጎን ምን እንደሚያደርግ፣ ምን ቢታይ ደህና እንደሆነ፣ ምን ቢታይ መቆም እንደሚገባ በአማርኛ አብራራ። «ቲ ብቻ ከተደረደረ ገመድና ፋየርዎል እዩ» ይላል አራተኛው መስመር። የመጨረሻው መስመር «ሳትሞክሩ ሴቭኤንቭ አትበሉ» ይላል፤ ሴቭኤንቭ ማለት ያደረጋችሁትን ለውጥ በቋሚነት ያዝ ማለት ነው። ወረቀቱን በፕላስቲክ ሸፍኖ ሞኒተሩ ጀርባ ላይ ለጠፈው። እውነት ለመናገር፣ በጊዜው ትንሽ ነገር መስሎኝ ነበር።

በእሱ ቦታ የመጣችው ልጅ ከተመረቀች ዓመት አልሞላትም ነበር። አንድ ቀን ስልክ ደወለችልኝ፤ ስብሰባ ላይ ነበርኩ።

«ዶክተር፣ ይቅርታ፣ አቋረጥኩዎት?»

«ምን ሆነሽ ነው?»

«የጤና ጣቢያዋ ሞኒተር… እህትየዋ የምትሏት… ጠፍታ መጣች። ወረቀቱን አይቼ ሦስቱን ገመድ አገናኘሁ። ቆጠራው ይታያል!»

ከስብሰባው ወጥቼ ኮሪደር ላይ ቆምኩ። በፊት ከጤናማዋ ወስደን ለታመመችው ሰጠን፤ አሁን የዳነችው ለታመመችው ትሰጣለች። ቅጂው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ገመዷም። ልጅቷ ያንን ባዮሜዲካል አይታው አታውቅም።

እንግዲህ ከዚህ ጉባኤ የምለምነው ሦስት ነገር ነው፤ አንዱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

አንደኛ፣ የማስወገጃ ኮሚቴ ላይ የምትቀመጡ ሁሉ፣ ባለሙያ ከፍቶ ያልመረመረውን ዕቃ «ሞቷል» ብላችሁ አትፈርሙ። ቅጹ ላይ «ማን መረመረው? ምን አየ?» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ።

ሁለተኛ፣ የምትመሩት ክፍል ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ቢያንስ አንዱ ሲቆም እንዴት እንደሚነሣ በአንድ ገጽ አጽፋችሁ ዕቃው ላይ ለጥፉ። በሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ያለ ዕውቀት ሰውዬው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። እኛ ቆላ ያለን ሰዎች ደግሞ ሰው እንደሚሄድ እናውቃለን።

ሦስተኛው ለመምህሮቻችን ነው። ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን ለየብቻ ሳይሆን አብሮ እንዲሠራ አድርጎ ነበር ያሰለጠነው። የቡድን ሥልጠናው፣ እኛ ቲቲፒ የምንለው፣ የዚያ ቅርስ ነው። በእሱ አልፈን ነው እዚህ የደረስነው፤ ጤና ጣቢያ ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግተን ያደርንበትን ሌሊት የረሳ ካለ እጁን ያውጣ። የባዮሜዲካልና የኢንፎርማቲክስ ተማሪዎች በየጤና ጣቢያው ቡድን ውስጥ አንድ አንድ ሆነው ከሐኪም ተማሪው ጋር አብረው ይደሩ። ሐኪሙ ተማሪ ባለሙያው ምን እንደሚችል ይይ፤ ባለሙያውም ሌሊት ላይ አንድ ሞኒተር ለሁለት ሰው ማካፈል ምን እንደሆነ ይይ።

እኔ ያንን ወጣት ባዮሜዲካል እዚያው ሕንጻ ውስጥ እየሠራ ለወራት ስናልፈው ሰላም ከማለት በቀር አናግሬው አላውቅም ነበር። ስቶሩን እንዲከፍት የጠየቅኩት ሁለት ሕመምተኛ በአንድ ሞኒተር ካደረሁ በኋላ ነው። ከዚያ ሌሊት በፊት ብጠይቀው ኖሮ ነርሷ ገመዶቹን በእጇ ይዛ አትጠይቀኝም ነበር።